አፉ «ሂዱ» ይላል፣ እራቱን ግን አይበላም

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ዘወትር አነባለሁ፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ወንዱ 15 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 9። ባለቤቴ የመንግሥት ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነው። እኔ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ።

ወንድሜ ላስ ቬጋስ ከገባ 11 ዓመቱ ነው። ዘንድሮ ‹ክረምቱን ኑ፤ ሰፊ መኪና ተከራይቼ ግራንድ ካንየን የሚባለውን ግዙፍ ገደል፣ ዛየንና ብራይስ የሚባሉትንም ብሔራዊ ፓርኮች አሳያችኋለሁ፤ ድንኳን ውስጥ እናድራለን፤ ትኬቱን እኔ እችላለሁ› አለን። ከሁላችንም በላይ የፈነጠዘው ባለቤቴ ነበር። ግራንድ ካንየንን ሃያ ዓመት ሙሉ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስለው የኖረ ሰው ነው። ከድሮ ካላንደር ላይ የተቆረጠው ሥዕል ሳሎናችን ግድግዳ ላይ፣ ከሠርጋችን ፎቶ ቀጥሎ ነበር የተሰቀለው።

እኔና ልጆቹ አሜሪካ ኤምባሲ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቀድመን ቀረብን። እሱ ፈተና እያረመ ስለነበር የእሱ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሆነ። ለእኛ ተሰጠን፤ ለእሱ ተከለከለ። ያን ቀን አምሽቶ መጣ። ፓስፖርቱን በፌስታል እንደያዘ ‹ለእኔ አልሆነም› አለና ልብሱን ሳይቀይር ጓሮ ወጥቶ ጎመን ማጠጣት ጀመረ። ዝናብ ሲጥል ነበር የዋለው።

ከዚያ ወዲህ ‹ሂዱ እንጂ፣ ልጆቹ ምን በደሉ› ይላል። እራት ግን ሁለቴ ጠቅልሎ ይነሣል። ሥዕሉም ከግድግዳው ወርዷል፤ ማን እንዳወረደው አልጠየቅሁም። ጎረቤቶቼ ‹ከሄድሽማ ምን ትመለሻለሽ› እያሉ ይስቃሉ። ወንድሜ ‹ብቻ ኑ፤ ሌላው እዚህ ይታሰብበታል› ይላል። ልጄ ባለፈው ‹አጎቴ እዚያ ሃይስኩል በነፃ ነው አለኝ› አለኝ። ትንሿ ደግሞ ለአባቷ ከካንየኑ ድንጋይ ላመጣለት ብላ ቃል ገብታለች። እኔ ድንጋይ ለማየት ብዬ ባሕር አልሻገርም፤ ወንድሜን ግን ናፍቄዋለሁ። ቪዛው የ3 ወር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ። ብሄድ ባለቤቴን የከዳሁት ይመስለኛል፤ ብቀር የልጆቼን ዕድል የዘጋሁ። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከለገጣፎ»

እህቴ፣ ዝናብ የጠገበ ጎመን ላይ ውሃ የሚያፈስ ሰው ዓይኔ ላይ ቀረ። ሁለት ቀን እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት።

የጠየቅሽኝ «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብለሽ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ እንዲያውም ሦስት ሰው ተቀባብሎታል። ጎረቤቶችሽ በሳቅ፣ ወንድምሽ በግማሽ ቃል፣ ልጅሽ በሃይስኩሉ። «ትመለሱ ይሆን?» ነው ጥያቄው። ከቤተሰቡ ይህን በአፉ ያልጠየቀ ባለቤትሽ ብቻ ነው። ከሁሉም ይልቅ መልሱ የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው።

እስቲ ያን ቀን በእሱ እግር ሆነሽ አስቢው። የጎብኚ ቪዛ የሚከለከል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ወረቀት ትርጉሙ አንድ ነው፤ «ወደ አገርህ እንደምትመለስ አላሳመንከንም» የሚል። ሃያ ዓመት ጠመኔ ሲጨብጥ ለኖረ መምህር ይህ ቀላል ቃል አይደለም። በዚያ ላይ የቀረበው ሚስቱና ልጆቹ ቪዛ ከያዙ በኋላ ነው። «ምን ይመልስሃል?» ቢባል መልሱ እናንተ ነበራችሁ፤ እናንተ ደግሞ ሂያጅ ሆናችኋል። መስኮቱ ጀርባ የነበረው ሰው ይህን አስቦትም ላይሆን ይችላል። ባለቤትሽ ግን ኤምባሲው ካለበት ከእንጦጦ መንገድ ተነሥቶ ጣፎ እስኪደርስ፣ ታክሲ ሲለዋውጥ፣ ይህንኑ ሲያመነዥክ የመጣ ይመስለኛል። እናንተ እንድትሄዱ እሱ መያዣ ሆኖ ቀረ። መያዣ ሆኖ የቀረ ሰው ደግሞ «ትመለሳላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያፍራል። ቢጠይቅ ልጆቹን ያስቀረ፣ ሚስቱን ያላመነ ይመስለዋል። ስለዚህ አፉ «ሂዱ» ይላል፤ እንጀራው ሞሰብ ላይ ይቀራል።

ልሳሳት እችላለሁ፤ ሐዘኑ የካንየኑ ብቻ ሊሆንም ይችላል። ሃያ ዓመት የሳሉትን ነገር ደጃፍ ደርሶ መመለስ ብቻውን እራት ያስተዋል። የሚለየው ግን ሲጠየቅ ነው፤ አንቺ ደግሞ ሥዕሉን ማን እንዳወረደው እንኳ አልጠየቅሽም። ለምን ይመስልሻል? መልሱን ፈርተሽ ይሆን?

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ወንድምሽ «ሌላው ይታሰብበታል» ሲልሽ ውስጥሽ ምን አለ? ደነገጥሽ? ተናደድሽ? ወይስ ትንሽ ደስ አለሽ? ደስ ብሎሽ ከሆነ ኀጢአት አልሠራሽም። በዚህ ኑሮ፣ በዚህ የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ፣ ያልተፈተነ ልብ የለም። ነገር ግን ልብሽ ለሁለት ተከፍሎ ከሆነ ከመሳፈርሽ በፊት ሊያውቀው ይገባል። «ካየሁ በኋላ እወስናለሁ» ብለሽ ብትሄጂ፣ እሱ የሚሰማው ከላስ ቬጋስ በስልክ ነው። ያን የመሰለ ወሬ በስልክ ለሰማ ባል ከሩቅ ሆኖ ማስረዳት አይቻልም። እንዲህ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፤ አሁን አትሂጂ፣ መጀመሪያ ተነጋገሩ።

ደብዳቤሽ ሲነበብ ግን የምትመለሽ ሴት ትመስይኛለሽ። ከሆነ በአፍሽ ንገሪው። «መቼስ ያውቃል» አትበይ፤ የሚያውቅ ሰው ጎመኑን በዝናብ አያጠጣም።

እንዴት ብለሽ ትነግሪዋለሽ? ልጆቹ ባሉበት፣ እራት ላይ፣ «ለምን አትበላም» ብለሽ አትጀምሪ፤ ያኔ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ይዘጋዋል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሥዕሉን ከተቀመጠበት አምጥተሽ ጠረጴዛው ላይ አድርጊውና «ይህ ከወረደ ወዲህ ቤቱ አልጣመኝም» በይው። ከዚያ ጠብቂው። ወንዶቻችን ዝም ሲሉ እኛ ሴቶች ዝምታውን ለመሙላት እንቸኩላለን፤ እኔም ራሴ ይህ አመል አለብኝ። ይናገር። ባይናገርም አንቺ ቀኑን ቁረጪለት፦ «የምንመለሰው በዚህ ቀን ነው፤ የደርሶ መልስ ትኬት ነው፤ ከጳጉሜ በፊት መርካቶ ወርጄ ደብተር አወርዳለሁ።»

ይህን ያልኩሽ ስለ ሱቅሽ አስቤ ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የዓመቱን እንጀራ የሚያገኘው ትምህርት ቤት ሲከፈት ባሉት ጥቂት ሳምንታት አይደለም እንዴ? እነዚያን ሳምንታት ትተሽ የትም እንደማትቀሪ ከማንም በላይ የሚያውቀው አብሮሽ ካርቶን የሚሸከመው ሰው ነው። መሐላ አያስፈልግሽም፤ የሱቁ የግዢ ዝርዝር ይበቃል። ያንን ከመሄድሽ በፊት ከእሱ ጋር ጻፉትና እሱ ዘንድ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ወንድምሽ። ይህን ስልክ አታቆይው። ክፋት የለውም፤ 11 ዓመት ብቻውን የኖረ ሰው እህቱን አጠገቡ ቢመኝ አይፈረድበትም። ግን ነገሩን ለ15 ዓመት ልጅ በጓሮ በር ማስገባቱ ልክ አይደለም፤ እዚህ ላይ ጠንከር በይ። «የመጣነው አንተን ልናይና ልንዞር ነው፤ ስለ መቅረት ለልጄ አንድ ቃል እንዳትናገር» በይው። ከልጅሽም ጋር አንቺና አባቱ ሆናችሁ አውሩ። የጎብኚ ቪዛ ለትምህርት እንደማይሆን ይስማ። በጎብኚነት ገብቶ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ከ180 ቀን አሳልፎ የቆየ አዋቂ ከወጣ በኋላ ለ3 ዓመት፣ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ እንደሚታገድም ይወቅ። የምለው ላስፈራራው አይደለም። ልጁ «እናቴ ዕድሌን ዘጋች» ብሎ ቂም ይዞ ከሚመለስ፣ መማር ከፈለገ ትክክለኛው በር ሌላ እንደሆነ አውቆ ቢሄድ ይሻላል።

ስለ ቪዛው ያልሽው 3 ወር የመግቢያ ጊዜው ነው፤ ስንት ቀን እንደምትቆዩ የሚወስነው እዚያ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላችሁ ሹም ነው። አንዳንዱ ይህን ያደባልቀዋል። ባለቤትሽም ክልከላው ለዘላለም አይደለም፤ አዲስ ክፍያ ከፍሎ፣ እንደገና ቀጠሮ ይዞ መሞከር ይችላል። «እሱ እስኪሳካለት ሁላችንም እንቆይ» ማለት አንድ መንገድ ነው፤ አልነቅፈውም። ግን የእናንተ ይቃጠላል፣ የእሱም ዋስትና የለውም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ለእሱ ብላችሁ የቀራችሁ እንደሆነ፣ ልጆቹ ስለ ካንየን ባነሡ ቁጥር ጥፋተኛው እሱ ሊሆን ነው። እሱ ይህን የሚፈልግ ይመስልሻል? ጠይቂውና ከፈለገ ቅሩ። ካልፈለገ በእሱ ስም መሥዋዕት አትሁኑ።

ወደ መሄዱ ካዘነበላችሁ አንድ ወረቀት አለ። አንድ ወላጅ ብቻውን ልጆች ይዞ ሲጓዝ የሌላው ስምምነት ሊጠየቅ ስለሚችል፣ የባለቤትሽን የፈቃድ ደብዳቤ በሰነዶች ማረጋገጫ አስመዝግባችሁ መያዙ ይበጃል። ግን እባክሽ፣ ስለ መመለስ ሳትነጋገሩ ወስደሽ አታስፈርሚው። የልጆቹ ነገር በእጁ የሚያልፍበት ፊርማ ነው፤ ልቡ ሳይረጋ ከፈረመ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሚሰበረው።

አሁን ስለ ራሱ ጉዞው። «አንተ በቪዲዮ ታየዋለህ» የሚባል ማጽናኛ አልወድም፤ ይህን ማንም እንዳይለው። ይልቅ እሱ የሚያውቀውን ጠይቁት፤ ከእናንተ መካከል ያን ምድር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ወንድምሽ መኪናውን ይንዳ፤ መንገዱን ግን ባለቤትሽ ቢያወጣው ደስ ይለኛል። ፈቃደኛ ካልሆነ ተዉት፤ ቁስሉ ትኩስ ነው። ፈቃደኛ ከሆነ ግን ሥራ አለለት፣ ያውም የጨዋታ ያልሆነ።

የእኛ ልጆች የሚያርፉበት ሐምሌና ነሐሴ የዚያ በረሃ ግለት የሚበረታበት ወቅት ነው። የግራንድ ካንየን ደቡቡ ጠርዝ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ስላለው አያስቸግራችሁም፤ ከጣፎ የሚመጣ ሰው እንዲያውም ቁልቁል ነው የወረደው። ወደ ታች ወንዙ ዘንድ ግን በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከተራራ በተቃራኒ መጀመሪያ ቁልቁለቱ ነው፤ ጉልበት ካለቀ በኋላ ዳገቱ ይጠብቃል። የአባይን በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። የፓርኩ ጠባቂዎች በእነዚህ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 10 ሰዓት ወደ ውስጥ አትውረዱ፣ ወንዙ ደርሳችሁም በአንድ ቀን እንመለስ አትበሉ ይላሉ። ከ9 ዓመት ልጅ ጋር ጠርዝ ጠርዙን መሄድ ይበቃል። በሰሜኑ ጠርዝ የነበረው ትልቁ ማረፊያ ቤት በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. በሰደድ እሳት ስለተቃጠለ ወንድምሽ ወደ ደቡቡ ያቅና።

ከሙቀቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። በእኛ አገር «ደራሽ ውሃ» የምንለው፣ ድሬዳዋ በደንብ የምታውቀው። እዚያም ክረምት አለው፤ ከቀትር በኋላ ሩቅ የጣለ ዝናብ በጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ድንገት ይደርሳል። በነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. አንቴሎፕ በሚባለው ጠባብ ካንየን 11 ጎብኚዎች የሞቱት እነሱ ያሉበት ላይ እምብዛም ሳይዘንብ ነው። ዛሬ እዚያ የአገሬው ነባር ሕዝብ የሆኑትን የናቫሆዎችን አስጎብኚ ሳይዙ መግባት አይቻልም። ዛየን ውስጥም በወንዙ መሐል የሚኬድበት ጠባብ መንገድ አለ። ወንድምሽ በግለቱ «ትንሽ እንግባ» ቢል ማን ይከለክለዋል? የጂኦግራፊ መምህሩ ከጣፎ ሆኖ የየቀኑን የአየር ትንበያ ያይና «ዛሬ አትግቡ» ይበል፤ ቃሉም ሕግ ይሁን። ይህን ለወንድምሽ አስቀድመሽ ንገሪው።

ብራይስ ከፍታው እስከ 2,700 ሜትር ስለሚደርስ ሌሊቱ ይበርዳል፤ ለድንኳኑ ጋቢ ያዙ። ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ በእነዚህ ትልልቅ ፓርኮች ከነዋሪው በጣም የበለጠ ይከፍላል፤ ወንድምሽ በድሮው ዋጋ አስቦት ከሆነ በሩ ላይ እንዳይደነግጥ አሁኑኑ ይመልከተው።

ስለ ስልክ ደግሞ። ላስ ቬጋስ በክረምት ከእኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ለእግር ጉዞ ስትነሡ ደውሉለት፤ እሱም ቤት የሚገባበት ሰዓት ነው። በየፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ እየጠፋ ያስቸግራል። የትኛው ቀን ዝም እንደምትሉ ከመሄዳችሁ በፊት ይወቅ። ለሌላ ሰው የአንድ ቀን ዝምታ ምንም አይደለም፤ ለእሱ ግን አሁን ሌላ ትርጉም አለው።

ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቅዳሜና እሑድ አራታችሁም አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ብትወርዱስ? ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፏፏቴው አለ፣ ወንዙ የቀደደው ገደል አለ፣ ሜዳው ላይ ሳላ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ ዙሪያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥና ሲሰነጠቅ ከርሞ ስለነበር፣ የመንገዱንም ሰላም ጭምር፣ ከመነሣታችሁ በፊት ሰው ጠይቁ። ውሃው ውስጥ አዞ ስላለ ልጆቹን ከዳር አርቁ። ይህን ግን ማካካሻ ብላችሁ አትጥሩት፤ ማካካሻ የሚባል ነገር ያስቀይማል። አባትየው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ የትኛው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ እንደመጣ፣ ወንዙ እንዴት እንደበላው ለልጆቹ ያስረዳ። ከወር በኋላ ሌላኛው ገደል አፋፍ ላይ ሲቆሙ፣ ታች ያለው ዓለት 1.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ ልጁ «የእኛው በዚህ አጠገብ ሕፃን ነው» ብሎ ለአባቱ መደወሉ አይቀርም። እንግዲህ ይህ የእኔ ምኞት ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሊያሳልፈውም ይችላል።

አንቺም ብትሆኚ «ድንጋይ ለማየት አልሄድም» ያልሽውን ትንሽ አለዝቢው። ወንድሜን ናፍቄያለሁ ማለት በቂ ምክንያት ነው፤ ለባለቤትሽም እንዲሁ በይው። «ለልጆቹ ብዬ» በሚል ቃል ስትሸፍኚው ነው ነገሩ የሚጠረጠረው።

የትንሿን ቃል ግን ማፍረስ ሊኖርብሽ ነው። ከአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው፤ ጠጠርም ብትሆን። ከወዲሁ ንገሪያት፤ እዚያ ደርሳ ከኪሷ አውጪ ስትባል እንዳታለቅስ። በምትኩ በደቡቡ ጠርዝ መንደር ውስጥ ፖስታ ቤት አለ። ፖስት ካርድ ትግዛና በራሷ እጅ ጽፋ፣ በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ለአባቷ ትላከው። የእኛን ፖስታ ታውቂዋለሽ፤ ከእናንተ ኋላ ሊደርስ ይችላል። ያኔ አራታችሁም ሄዳችሁ ታወጡታላችሁ።